ለሙሉ ቀን ጽሑፍ የሚሆን ሜካኒካል ኪቦርድ፦ የድሮ ስዊች ወይስ አዲስ?

ጥያቄ፦ አራሚው

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ መጻፍና የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጣቶቼ ከኪቦርድ አይነሡም። አሁን የምሠራበት ከቁልፎቹ ሥር የጎማ ጉልላት ያለው ተራ ኪቦርድ ሲሆን፣ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ካልተጫነ ፊደሉን ስለማይጽፍ ወደ ማታ ላይ ጣቶቼና የእጄ አንጓ ይዝላሉ። ስለዚህ በየቁልፉ ሥር ስዊች፣ ማለትም መጫኑን የሚያሳውቅ ባለ ሞላ ትንሽ መሣሪያ ወዳለው ሜካኒካል ኪቦርድ ለመዛወር ቆርጫለሁ፤ ያልቆረጥሁት የትኛውን ትውልድ እንደምመርጥ ነው።

አንድ የማውቀው ሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የአይቢኤም ሞዴል ኤም ኪቦርድ ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ነው። በዚያው ገንዘብ ደግሞ ስዊቾቹ ያለ ብየዳ የሚነቀሉና የሚተኩ አዲስ ኪቦርድ መግዛት እችላለሁ። ስለ ድሮዎቹ ስዊቾች የሚነገረው ምስጋና ብዙ ነው፤ እንደ እነርሱ ያለ ዛሬ አይሠራም ሲባል ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ይህ ምስጋና በአሠራራቸው ላይ የተመሠረተ ነው ወይስ ናፍቆት ብቻ ነው? ደግሞስ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ስዊች ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ስሜት ዛሬም ይሰጣል? ማታ ማታ የምሠራው ሌላ ሰው ከሚተኛበት ክፍል አጠገብ መሆኑንም ግምት ውስጥ አስገቡልኝ። በሁለቱም ላይ የጻፋችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

መልስ፦ ሞላና መዶሻ

ሰላም ለእርስዎም ይሁን። የድሮ ስዊቾችን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም። ከእነርሱ መካከል አሠራራቸው እስከ ዛሬ እውነተኛ ተተኪ ያላገኘ አሉ፤ አዲሶቹ በሁሉም ረገድ ያለፏቸውም አሉ። የቀረበልዎ ሞዴል ኤም ከመጀመሪያዎቹ ወገን ስለሆነ ስለ እርሱ በሰፊው ልጻፍ።

በሞዴል ኤም በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ቀጭን ሞላ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቁልፉን ሲጫኑ ሞላው እየተጨመቀ ይሄድና ከተወሰነ ነጥብ ሲያልፍ በድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም የቆመበትን ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ያዘነብለዋል፣ መዶሻውም ከሥሩ የተዘረጋውን ሜምብሬን (የኤሌክትሪክ መስመር የታተመበት ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) ሲመታ ፊደሉ ይጻፋል። ጣትዎ ላይ የሚሰማዎት መለቀቅ፣ ጆሮዎ የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅና ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ምልክት ሦስቱም የሚመጡት ከዚያች አንዲት መታጠፍ ነው። ቼሪ የተባለው ኩባንያ በሚሠራው ኤምኤክስ ሰማያዊ ስዊች ላይ ግን ድምፁን የሚያወጣው ቁልፉን በተሸከመው ዘንግ ላይ የሚንሸራተት ነጭ የፕላስቲክ ክፍል ሲሆን፣ ፊደሉን የሚጽፈው ከጎኑ ያለው የመገናኛ ብረት ነው። ድምፁና ምልክቱ ተቀራርበው እንዲሆኑ ተደርገው ተሠርተዋል እንጂ አንድ ነገር አይደሉም፤ ለረጅም ጊዜ የጻፈ እጅም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። እኔ የድሮውን የማመሰግነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዕድሜው ብቻውን ምንም አይጨምርለትም።

ንድፉን የፈለሰፈው የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ሪቻርድ ሃሪስ ሲሆን የባለቤትነት መብቱ የተሰጠው በ1978 ነው። በ1981 ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጋር የወጣው ሞዴል ኤፍ በዚሁ ሞላ ቢሠራም፣ ከሥሩ የነበረው ሜምብሬን ሳይሆን የካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅም) ለውጥን የሚለካ ሰሌዳ ነበር። በ1985 የመጣው ሞዴል ኤም የማምረቻ ወጪው እንዲቀንስ ወደ ሜምብሬን ዞረ። ስለዚህ ሞዴል ኤም ራሱ የቀደመውን አርክሶ የተሠራ ዕቃ መሆኑን ማወቅ ይገባል፤ የድሮው ሁሉ ያለ ቁጠባ ይሠራ ነበር የሚለው ወሬ እውነት አይደለም።

ሁኔታውን በተመለከተ፣ ሞላው በቀላሉ አይደክምም። ሞዴል ኤምን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። ሞላዎቹን የያዘው የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ሜምብሬኑና ከጀርባ ያለው ብረት እርስ በርስ የተያያዙት ጫፋቸው በሙቀት ቀልጦ በተደፈጠጠ ትንንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች ነው፤ እነዚህ ችንካሮች በዘመን ብዛት ይደርቁና ራሳቸው እየተቀነጠሰ ይወድቃል። ከመግዛትዎ በፊት ኪቦርዱን አንሥተው በቀስታ ያነቃንቁት፤ ከውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከሰሙ ያ የችንካር ቁርጥራጭ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ይጫኑና ድምፁን ከጎረቤቱ ጋር ያስተያዩት። ከሌሎቹ ይልቅ የታፈነ ወይም የላላ ድምፅ የሚሰጥ ቁልፍ ካለ ወይ ሞላው ከቦታው ወጥቷል፣ ወይ በዚያ በኩል ችንካሮቹ ሰሌዳውን ለቅቀዋል። የመጀመሪያው ቁልፉን ነቅሎ ሞላውን በማስተካከል ይድናል። ሁለተኛው ግን ኪቦርዱን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ ችንካሮቹን ነቅሎ በቦታቸው ቀዳዳ በስቶ፣ ቀጫጭን ብሎኖች ማሰርን የሚጠይቅ የትዕግሥት ሥራ ነው። የተስተካከለ ሞዴል ኤም ግን ለብዙ ዓመት አያስቸግርዎትም።

ስለ ድምፁ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ሰው ከሚተኛበት ክፍል አጠገብ በሌሊት የሚጻፍበት ዕቃ አይደለም።

መልስ፦ ለስላሳ ዘንግ

ከላይ ስለ ሞዴል ኤም አሠራር የተጻፈውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው ያነሡት ችግር የጣት መዛል ስለሆነ መልሱም ከዚያ ቢነሣ ይሻላል ባይ ነኝ። የጎማ ጉልላት የሚያደክመው ምልክቱን የሚሰጠው በጉዞው መጨረሻ በመሆኑ ነው፤ ጣት በየፊደሉ ከወለሉ ጋር ይጋጫል። የቼሪ ኤምኤክስ ዓይነት ስዊች ሙሉ ጉዞው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ፊደሉን የሚጽፈው ግን 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። የቀረው ግማሽ ጣት ሳይጋጭ ፍጥነቱን አብርዶ የሚመለስበት ቦታ ነው፤ በዚህ ቦታ መጠቀምን የለመደ እጅ በእርግጥ ያርፋል። ለመልመድ ደግሞ መጻፊያው ነጥብ መድረሱን በትንሽ ጉብታ ለጣት የሚያሳውቀው ታክታይል ስዊች ይረዳል። ከላይ እስከ ታች ያለ እንቅፋት የሚወርደውን ሊኒየር የሚወዱ ጸሐፊዎች ቢኖሩም፣ ከጎማ ጉልላት ለሚመጣ ሰው በመጀመሪያ አልመክረውም፤ እንደ ቀድሞው እስከ ወለሉ መምታቱን ይቀጥላልና።

አዲሱ ትውልድ በምርጫ ብዛት አቻ የለውም። ቼሪ ኤምኤክስን ያወጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱ ጊዜ በ2014 አካባቢ ካለፈ በኋላ ጌትሮን፣ ካይልና ሌሎች አምራቾች ያንኑ የመስቀል ቅርጽ ያለው ዘንግ ይዘው እጅግ ብዙ ዓይነት ሠሩ። የቼሪ ቀይ ስዊች 45 ግራም ያህል ኃይል ሲፈልግ ጥቁሩ 60 ግራም ያህል ይፈልጋል፤ ልዩነቱ ሲነበብ ትንሽ ቢመስልም ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም አንጓ ላይ ይታወቃል። ሞዴል ኤም ደግሞ ከጥቁሩም ይከብዳል። የእርስዎ አንጓ ከአሁኑ የሚዝል ከሆነ ይህን ቀለል አድርገው አይዩት። ድምፅን በተመለከተም ዘንጉ ወደ ታች ሲወርድም ወደ ላይ ሲመለስም የሚያርፍበት ለስላሳ ጎማ የተገጠመለት ድምፅ አልባ ታክታይል ስዊች አለ፤ ለሌሊት ሥራ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ስለ ድሮ የቼሪ ጥቁር ስዊቾችም ብዙ ስለሚወራ አንድ ነገር ልበል። ለዓመታት የተጻፈባቸው ዘንጎች ከሐዲዳቸው ጋር እየተፋተጉ ይለሰልሳሉ የሚለው እውነትነት አለው። ሆኖም መለስለሱ እኩል አይደለም፤ በብዛት የሚነካው ቁልፍ ሐር ሲሆን በዳር ያለው፣ ማንም የማይነካው ቁልፍ እንደ ቀድሞው ሻካራ ሆኖ ይቀራል። አንድ ወጥ ስሜት የሚፈልግ ሰው ሁሉንም ነቅሎ ማደባለቅ ወይም ማለስለስ አለበት። ያንን ልስላሴ ዛሬ በግሪስ ማግኘት ይቻላል፤ ስዊቹን ከፍቶ፣ በቀጭን ብሩሽ የዘንጉን ሁለት ጎኖችና ሐዲዶቹን ዓይን በጭንቅ በሚያየው መጠን መቀባት፣ ሞላውንም በዘይት ማራስ ነው። በታክታይል ስዊች ላይ ግን ጉብታውን የሚፈጥሩትን የዘንጉን ሁለት እግሮች መንካት አይገባም፤ ግሪስ ከነካቸው ጉብታው ይደበዝዛል። ለዚህ ሥራ ጊዜ የሌለው ሰው ከፋብሪካ ግሪስ ተቀብተው የሚመጡትን ይግዛ፤ ቼሪ ራሱ በ2023 ባወጣው ኤምኤክስ 2ኤ ይህንኑ አድርጓል።

ደግሞም ያለ ብየዳ የሚነቀል መሆኑን እንደ ተራ ነገር አይቁጠሩት። አንድ ስዊች ሲበላሽ ወይም ምርጫዎ ሲለወጥ፣ ኪቦርዱ ሳይቀየር ስዊቹ ብቻ ይቀየራል። በድሮው ኪቦርድ አንድ ስዊች ለመቀየር የብየዳውን ቆርቆሮ አቅልጦ መምጠጥ ያስፈልጋል፤ ሞዴል ኤም ላይ ደግሞ ለብቻው ተነቅሎ የሚተካ ስዊች ራሱ የለም።

መልስ፦ የአልፕስ ወዳጅ

ሁለታችሁም በአይቢኤምና በቼሪ መካከል ስለቆማችሁ በመሃል የተረሳ ወገን አለ። የጃፓኑ አልፕስ ኩባንያ በ1980ዎቹ የሠራቸው ታክታይል ስዊቾች፣ በ1987 የወጣው አፕል ኤክስቴንድድ ኪቦርድ ላይ የተገጠሙትን ጨምሮ፣ ጉብታቸው የሚጀምረው ገና ከጉዞው መነሻ ነው። ጣት ቁልፉን እንደነካ ተቃውሞ ያገኛል፤ ያንን አልፎ ሲወርድ ደግሞ ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ በቼሪ ቡናማ ታክታይል ስዊች ላይ የሚጽፍ ሰው ጉብታውን ፍለጋ ይቸገራል።

ይሁንና የአልፕስን ምስጋና የሚያነብ ሰው ምስጋናው የተጻፈው ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ ዕቃ መሆኑን ይወቅ። አልፕስ አቧራን ጨርሶ አይችልም። አንዱን ብትከፍቱት በተንሸራታቹ ጎንና በግድግዳው መካከል ግራጫ ትቢያ ተጋግሮ ታገኛላችሁ፤ ትቢያው ፕላስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚፍቀው ቁልፉ ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ይመስል እየተንገጫገጨ ይወርዳል። ማጠብ ትቢያውን ያወጣል፣ የተፋቀውን ግን አይመልስም። ስለዚህ አልፕስን ከመግዛት በፊት በጣት መፈተን ግድ ነው፤ ፎቶግራፍ ስለዚህ ምንም አይናገርም። የኪካፖቹ (ፊደል የተጻፈባቸው የቁልፍ ክዳኖች) መሰኪያም አራት ማዕዘን ስለሆነ ለመስቀሉ ዘንግ የተሠሩት የዛሬ ኪካፖች አይገጥሙትም።

የድሮው ንድፍ ግን አልሞተም። በቅርብ ዓመታት የወጡ ብዙ ታክታይል ስዊቾች ጉብታቸውን ወደ መነሻው አምጥተውታል። ሌላም አለ፤ በማግኔት የሚሠራውን ስዊች ለኪቦርድ ያመጣው በ1968 የሃኒዌል ክፍል የነበረው ማይክሮ ስዊች ነው፤ ዛሬ ዉቲንግ የተባለው ኩባንያና መሰሎቹ የመጻፊያውን ነጥብ በሶፍትዌር ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ኪቦርድ የቆመው በዚያው መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ ለጠያቂው የምለው፣ የምትወዱትን አሠራር ምረጡ፤ ያ አሠራር ዛሬም በአዲስ ዕቃ ላይ ካለ አዲሱን ግዙ፣ ከሌለ ብቻ ወደ ድሮው ሂዱ። በዚህ መለኪያ ሞዴል ኤም እንኳ ሁለት በር አለው፤ ዩኒኮምፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያንኑ የሚታጠፍ ሞላ ዛሬም በአዲስ ኪቦርድ ላይ ይሠራል።

አራሚው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለማታ ሥራ ድምፅ አልባ ታክታይል ያለበትን አዲሱን እንደምገዛ ከሞላ ጎደል ወስኛለሁ። ሆኖም የሚታጠፈው ሞላ አሠራር ስለሳበኝ፣ ሞዴል ኤሙ ተፈትኖ ደኅና ከሆነ ለቀን ሥራ ልወስደው አስቤአለሁ። ድምፁን ለመቀነስ የሚደረግ ነገር ይኖር ይሆን? ኮምፒውተሬ ያለው መሰኪያ ዩኤስቢ ብቻ ስለሆነስ ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሞላና መዶሻ

ድምፁን በከፊል መቀነስ ይቻላል። በየሞላው ውስጥ ትንሽ የጥርስ ማጽጃ ክር የሚከቱ አሉ፤ ይህ ሞላው ከታጠፈ በኋላ እየተንቀጠቀጠ የሚያወጣውን የብረት ጭረት ያጠፋል። ዋናው «ቀጭ» ግን ይቀራል፤ እርሱ የመታጠፉ ድምፅ ስለሆነ እርሱን ማጥፋት አሠራሩን ማጥፋት ነው።

ለዩኤስቢ በርካሽ የሚገኘው ትንሽ አያያዥ አይበቃም፤ ውስጡ ሽቦ ብቻ ስለሆነ ሞዴል ኤም የሚናገረውን የፒኤስ/2 (ከዩኤስቢ በፊት የነበረ የኪቦርድ መሰኪያ) ቋንቋ አይተረጉምም። በውስጡ ቺፕ ያለው ንቁ መቀየሪያ ይግዙ። ሞዴል ኤም ከዛሬዎቹ ይልቅ የበዛ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ደካማ መቀየሪያ አንዳንዴ አያስነሣውም፤ ስለዚህ በዚሁ ኪቦርድ የተሞከረውን ይምረጡ። የዊንዶውስ ቁልፍ እንደሌለውም ያስታውሱ፤ እኔ ብዙም የማይነካውን የካፕስ ሎክ ቁልፍ በሶፍትዌር ለዚያ ሥራ መድቤዋለሁ።

የመጨረሻው ነገር ገመዱ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ ገመዳቸው ከኪቦርዱ ላይ ይነቀላል፤ መሰኪያውም ለእርሱ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ሌላ ገመድ አይገባበትም። ሻጩ ኪቦርዱን ሲያስረክብዎት ገመዱ አብሮ መኖሩን ይዩ፤ ከሌለ ለብቻው ማፈላለግ ይኖርብዎታልና ያንን ከዋጋው ያስቀንሱ።