ጥያቄ፦ እናቴ በንግድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ፤ ካሳ ለመጠየቅ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ
ፒያሳ አካባቢ ካለ የንግድ ሕንፃ ስትወርድ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል፤ በቀዶ ጥገና ብረት ገብቶላታል። ደረጃው እየተወለወለ ነበር፣ የአንዱ እርከን ጠርዝም ተሸርፏል። የሕንፃው አስተዳደር «ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ግን 20,000 ብር እንርዳችሁ» ብሎ የሚፈረም ወረቀት አምጥቷል። ኮሪደሩ ላይ ካሜራ አለ። እናቴ አነስተኛ ሱቅ ነው የምትሠራው። ምን እናድርግ?

ነገረ ፈጅ
እግዜር ይማራቸው። ወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ካለበት አትፈርሙ፤ በኋላ ክስ ስትመሠርቱ መጀመሪያ የሚቀርብባችሁ እሱ ነው። ገንዘቡ ለሕክምና የግድ ካስፈለገ «እስካሁን ለወጣ የሕክምና ወጪ ብቻ፣ ቀሪው የካሳ መብት እንደተጠበቀ ሆኖ» ተብሎ ይጻፍ። ይህን እምቢ ካሉ የእርዳታው ዓላማ ገባችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ መለየት ያለበት፣ የጣላቸው ውሃው ነው ወይስ የተሸረፈው ጠርዝ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። የተሸረፈ ጠርዝ የሕንፃው አካል ስለሆነ እዚህ ይገባል። የሳሙና ውሃ ግን ሕንፃው አይደለም። ለእሱ በቁጥር 2028 ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅባችኋል፤ ማስጠንቀቂያ አለመቀመጡን፣ ገበያተኛ በሚመላለስበት ሰዓት መወልወሉን፣ መተላለፊያው አለመዘጋቱን። ብዙ ክስ የሚዳከመው «ደረጃው አዳለጣት» ብሎ በደፈናው ስለሚጻፍ ነው። ሁለቱም ምክንያት ካለ ሁለቱንም ለይታችሁ ጻፉ።

የጽዳት ሠራተኛዋን ብቻ አትክሰሱ። በሥራዋ ላይ እያለች ላጠፋችው አሠሪዋ በቁጥር 2130 ይጠየቃል። አሠሪዋ ግን ሕንፃው ላይሆን ይችላል፤ ጽዳቱን ለሌላ ድርጅት የሰጡ ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። ማን እንደቀጠራት አጣሩና ባለቤቱንና አሠሪዋን በአንድነትና በነጠላ (እያንዳንዳቸው ለሙሉው ካሳ እንዲጠየቁ) ክሰሱ።

የመዝገብ ሰው
የካሜራው ነገር ዛሬ ነው፣ ነገ አይባልም። ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ አዲሱ ቀረጻ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ አንዳንዱ በቀናት፣ አንዳንዱ በሳምንታት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ወለል እንደሆነ ጠቅሳችሁ «ቀረጻው እንዳይጠፋ» የሚል ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ ቀሪው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርም፣ ማኅተም ይደረግበት። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ፖስታ) ላኩት። በኋላ ክስ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ቀረጻው እንዲቀርብ ትእዛዝ እንዲሰጥ ትጠይቃላችሁ። «ጠፍቷል» ቢሉ ያኔ ደብዳቤው ይናገራል።

ጠርዙን ሳይጠገን ፎቶ አንሱት፤ አንዱን ከቅርብ ሜትር አስቀምጣችሁ፣ ሌላውን ሙሉ ደረጃው በሚታይበት ርቀት። ጫማቸውን አታጥቡት፣ አትጣሉትም፤ «ሶሉ ያለቀ ነበር» የሚል መከራከሪያ መምጣቱ አይቀርም። ያዩ ባለሱቆችን ሙሉ ስም፣ ስልክና አድራሻ ያዙ፣ መጥሪያ የሚደርሰው በእሱ ነው። ፖሊስ ጣቢያም አስመዝግቡ።

የአጥንት ክፍል
ከሆስፒታሉ የምትጠይቁት የሕክምና ማስረጃ የስብራቱን ዓይነት፣ የተደረገውን ቀዶ ጥገና፣ የእረፍት ጊዜውን ይግለጽ። ካርዱ ላይ «ወደቀች» ብቻ ተጽፎ ከሆነ የወደቁበት ቦታ አለመጠቀሱ በኋላ ያከራክራል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ታሪኩን ሲጠይቅ በግልጽ ይናገሩ።

ቋሚ ጉዳት በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ስብራቱ ሳይገጥም መሄድ ትርጉም የለውም። ብረቱ ወደፊት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ያንንና ግምታዊ ዋጋውን አሁኑኑ ይጻፍላችሁ።

ነገረ ፈጅ
ትክክል። መድረሱ የማይቀር የወደፊት ጉዳት በቁጥር 2092 አሁኑኑ ይጠየቃል።

ሒሳብ አዋቂ
ደረሰኝ በእሳቸው ስም ይሁን፣ የመድኃኒት ቤቱም ጭምር። ታክሲ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ቀን፣ መነሻና መድረሻ፣ የተከፈለውን ብር በደብተር መዝግቡ፤ ልኩ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለ ጉዳትን ዳኛ በርትዕ (በሚዛናዊ ግምት) እንዲወስን ቁጥር 2102 ይፈቅዳል።

የሱቁ ገቢ ላይ ተጠንቀቁ። ለገቢዎች ትንሽ አስታውቆ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሦስትና አራት እጥፍ መጠየቅ አይሄድም፤ ተከሳሹ የግብር ማስታወቂያው እንዲቀርብ ያስደርጋል። ለሕሊና ጉዳት (ለደረሰባቸው ሥቃይና ሐዘን) ደግሞ ብዙ አትጠብቁ። ቁጥር 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል፤ ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፣ ብሩም የዚያን ዘመን ብር።

የመዝገብ ሰው
ይርጋው (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ሽማግሌ ገብቶ መነጋገሩ አይከፋም፣ ግን ሽምግልናው ይርጋውን ያቆመዋል ብላችሁ አትተማመኑ። «ከበዓል በኋላ እንገናኝ» እየተባለ ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች አሉ። ጥያቄያችሁ ከ10 ሚሊዮን ብር የማይበልጥ ስለሆነ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ የትኛው ምድብ እንደሆነ መዝገብ ቤቱ ይነግራችኋል። የዳኝነት ክፍያው ካቃታችሁ በደሃ ደንብ (ክፍያ ሳይጠየቅ) እንዲታይ አመልክቱ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር አለ፣ ስትወርድ ስልክ እያወራች ነበር። ይህ ነገሩን ያበላሸዋል?

ነገረ ፈጅ
አያበላሸውም፣ ሊቀንሰው ግን ይችላል። ተጎጂው ለጉዳቱ ድርሻ ካለው ካሳው በዚያ ልክ ይቀነሳል፤ ሙሉ በሙሉ የሚቀረው ጉዳቱ በእሳቸው ጥፋት ብቻ የደረሰ እንደሆነ ነው። ካሜራው ላይ ስለሚታይ አትደብቁት። ምስክሮቻችሁም «ስልክ አልያዘችም» እንዳይሉ፤ አንዱ እንዲህ ብሎ ቀረጻው ሌላ ካሳየ ስለ ጠርዙ የሰጡት ቃልም አብሮ ይወድቃል።