የድርጅት ስልክ መግቢያው በማን እጅ ይሁን?

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። ክርክሩን ያመጣሁት ከሥራ ቦታዬ ነው። የድሮውን ፒቢኤክስ (የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ስልኮች የሚያገናኘውን ማዞሪያ) አውጥተን ወደ ኢንተርኔት ስልክ እየገባን ነው። ሲፕ በሚባለው የኢንተርኔት ጥሪ መግባቢያ የሚሠራው መስመር፣ ሲፕ ትራንኩ፣ ከቴሌኮም ኦፕሬተር ይመጣል። በትራንኩና በእኛ ኔትወርክ መሀል ኤስቢሲ የሚባል የጥሪ መግቢያ ሳጥን መቀመጥ አለበት። አለቆቼ «አቅራቢ ድርጅት በክላውድ፣ በራሱ ማሽን ላይ፣ ያስተዳድርልን፣ እኛ በየወሩ እንክፈል» ይላሉ። እኔ ግን የሰው ምስጢር በስልክ የሚያልፍባቸው ተቋማት፣ ባንክም ሆስፒታልም የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ ኤስቢሲውን ራሳቸው ይያዙ ባይ ነኝ። እንዲያውም በመመሪያ ግዴታ ይሁን እላለሁ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ኤስቢሲ ከውጭ የመጣን ጥሪ ራሱ ላይ ያሳርፍና በራሱ ስም እንደ አዲስ ወደ ውስጥ ይደውላል። ሲወጣም እንደዚያው። ስለዚህ ውጭ ያለ ሰው የውስጥ አድራሻችንን አያይም። የጥሪው መልእክትም ድምፁም በእሱ በኩል ያልፋል። እሱን የያዘ ሁሉንም ይዟል። በሉ ተከራከሩ።

የትራንክ ሰው
እኔ አልስማማም። ዋናው ነገር ሥራውን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ውድ ኤስቢሲ ይገዛል፣ ይተከላል፣ ከዚያ ማንም አይነካውም። ፓስዎርዱ እንኳ ከካርቶኑ እንደወጣ ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ስልኩ ይነሳል፣ ሰዎቹ ይነጋገራሉ፣ 32ኛው ሰከንድ ላይ ጥሪው ይቋረጣል። ሁልጊዜ 32 ላይ። መሥሪያ ቤቱ ኔትወርኩ ደካማ ነው ብሎ ኢንተርኔት ያስጨምራል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ስልኩ ሲነሳ «200 ኦኬ» የሚል መልስ ይላካል። የደወለው ወገን ደግሞ «አክ» በሚባል መልእክት መቀበሉን ማረጋገጥ አለበት። መልሱ ውስጥ «ኮንታክት» የሚለው መስመር ላይ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ተጽፎ ከሄደ አክ የሚደርስበት ያጣል። መልሱን የላከው ወገን የግማሽ ሰከንድ 64 እጥፍ፣ ማለትም 32 ሰከንድ፣ ጠብቆ ይዘጋዋል። መፍትሔው ኤስቢሲው ላይ የውስጡን አድራሻ በውጭው መተካት ነው። ራውተሩ ላይ ያለውን፣ የሲፕ መልእክትን በራሱ የሚነካካውን «ሲፕ ኤኤልጂ» ደግሞ ማጥፋት። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እሱ ነው። ይህን ከትሬስ (ከተቀዳው የመልእክት ልውውጥ) ላይ አንብቦ የሚያገኝ ሰው ከሌላችሁ ሳጥኑ ቤታችሁ መቀመጡ ምን ይፈይዳል?

የፋይናንስ ክፍል
ስለ ብሩም እንነጋገር። የታወቁት ኤስቢሲዎች ላይሰንስ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በአንድ ጊዜ በሚያልፍ ጥሪ ብዛት ነው። ዋጋው ደግሞ በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንዲህ ያለ እድሳት የማንንም በጀት ያናጋል። ወርሃዊ ክፍያ በብር ከተዋዋልን ቢያንስ ስንት እንደምንከፍል እናውቃለን።

ሊኑክስ ወዳጅ
ዶላር የግድ አይደለም። ካማይሊዮ የሚባለው ሶፍትዌር የሲፕ መልእክቱን ይይዛል፣ አርቲፒ ኢንጂን ድምፁን ያስተላልፋል። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ አንድ ጥሩ ሰርቨር ላይ ይሠራሉ።

የትራንክ ሰው
እውነት ነው ወንድሜ። ግን ያንን ያዋቀረው ልጅ ዱባይ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ማን ይረከባል?

ደህንነት ላይ የምሠራ
የትራንክ ሰው፣ ያነሳኸው የባለሙያ እጥረት እውነት ነው። ከዚያ ተነስቶ ለአቅራቢ እንስጠው ማለት ግን አያስኬድም።

ብዙ ሰው «ጥሪያችን ተመስጥሯል» ሲል ኤስአርቲፒ አብርቷል ማለት ነው። ኤስአርቲፒ ድምፁን ይመሰጥራል። በተለመደው አሠራር ግን ቁልፉ የሚጓዘው ራሱ የሲፕ መልእክቱ ውስጥ ነው፤ «ክሪፕቶ» የሚል መስመር ላይ ተጽፎ። ሲፑ በተለመደው መግቢያው በፖርት 5060 ሳይመሰጠር በግልጽ የሚሄድ ከሆነ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። ስለዚህ ሲፑ ራሱ መልእክቱን በሚመሰጥረው በቲኤልኤስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 5061፣ መሄድ አለበት።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ምስጠራው ኤስቢሲው ላይ ያበቃል። እዚያ ይፈታል፣ ለሚቀጥለው መንገድ እንደገና ይመሰጠራል። መሀል ላይ ግልጽ ነው። ኤስቢሲው በአቅራቢው እጅ ካለ ግልጽ የሚሆነው የአቅራቢው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ የት አገር እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ደንበኛው የሚያውቀው ባንኩን ነው። ነገ ምስጢሩ ቢወጣ የሚከሰውም ባንኩን ነው።

ከጥሪ ማዕከል
እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ማዳመጫ አድርጌ ነው የምውለው። የእናንተ ክርክር እኛ ጋ የሚደርሰው በቁጣ መልክ ነው። «አንድን ይጫኑ ይለኛል፣ ተጫንኩ፣ ምንም የለም» ይላል ደንበኛው። ወይም ድምፁ ይጨማደዳል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የሂሳብ ቁጥራቸውን ሲያነቡልኝ ስድስቱን ከሰባቱ መለየት ያቅተኛል። ሦስቴ አስደግማቸዋለሁ። እሳቸው መስማት የማልፈልግ ይመስላቸዋል። ያ ያመኛል።

የትራንክ ሰው
እህቴ፣ ድምፁ ምናልባት ጂ.729 የሚባለው የድምፅ ማጨመቂያ ተመርጦ ነው። አንድ ጥሪ በሌላው ዓይነት፣ በጂ.711፣ ከራስጌዎቹ (ፓኬቱ ላይ ከሚጨመረው የአድራሻ መረጃ) ጋር በሰከንድ ወደ 80 ኪሎቢት ይወስዳል፤ በጂ.729 ወደ 24። ቆጣቢ ነው፣ ድምፁን ግን ይጎዳል። በቂ መስመር ላለው የጥሪ ማዕከል ጂ.711 እንዲቀድም ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቁጥሩም እንደዚሁ። የተጫኑት ቁጥር በሦስት መንገድ ይሄዳል፦ ድምፁ ውስጥ እንደ ቃና፣ ከድምፁ ጋር በተለየ ፓኬት፣ ወይም በሲፕ «ኢንፎ» መልእክት። ኦፕሬተሩ በአንዱ ልኮ ፒቢኤክሱ ሌላውን ከጠበቀ ቁጥሩ ይጠፋል። ኤስቢሲው ማስማማት ይችላል።

ደህንነት ላይ የምሠራ
እዚሁ ላይ ቁሙልኝ። ደንበኛው የሚጫነው የሚስጥር ቁጥሩን ከሆነስ? በ«ኢንፎ» ከሄደ ሎጉ (ማሽኑ የሚይዘው መዝገብ) ላይ አንድ በአንድ ተጽፎ ይቀራል። በቃና ከሄደ የተቀዳው ድምፅ ውስጥ ይገባል፤ ቃናን ወደ ቁጥር መመለስ ደግሞ ለማንም ቀላል ነው። አቅራቢው ችግር ለመፈለግ ብሎ ዝርዝር ሎግ ሲከፍት የሰዎቹ ሚስጥር ቁጥር ፊቱ ነው። ያ ሎግ ስንት ቀን ይቆያል? ማን ያነበዋል? እኔ ባየኋቸው ውሎች ውስጥ ይህ ጥያቄ አልተጻፈም። ለእኔ የክርክሩ እምብርት ይኸ ነው።

ከቨርጂኒያ
እኔ እዚህ አሜሪካ የድርጅት ስልክ ነው የምሠራው። ግዴታ ይሁን ለምትሉት አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆች 2013 ቴክሳስ፣ ማርሻል ከተማ፣ አንዲት እናት ሞቴል ክፍል ውስጥ ተገደለች። የ9 ዓመት ልጇ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 ደጋግማ ደወለች። አልወጣላትም፤ የሞቴሉ ስልክ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 መጫን ይፈልግ ነበር። ከዚያ የተነሳ ሕግ ወጣ። ከየካቲት 2020 ጀምሮ በአዲስ የድርጅት ስልክ ላይ 911 ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር መሥራት አለበት።

ሕጉ ስልኩን የሸጠውንም፣ የተከለውንም፣ የሚያስተዳድረውንም ይይዛል። ሳጥኑ የት ይቀመጥ አላለም። አወያይ፣ አንተም «ራሳቸው ይያዙ» ከምትል «ይህንና ይህን ያሟሉ» ብትል ይሻላል ባይ ነኝ። ክላውድ ላይ ሆኖ በደንብ የተዋቀረ አለ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ክፍት የሆነም አለ።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ በኢንተርኔት መደወል በሕግ ያስጠይቅ አልነበረም እንዴ? አለቃችን አሁንም ይፈራል።

አወያይ
ጥሩ ጥያቄ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ፈቃድ ከሌለው ሰው የሚቀርብ የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎትንና የኦፕሬተሩን መስመር ማለፍን ይቀጣል። እኛ ትራንኩን የምንወስደው ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር ነው።

አለቃህ መፍራት ያለበት የራውት ሰንጠረዡን፣ ጥሪ ከየት ወደ የት እንዲሄድ የሚጻፍበትን፣ ነው። አንድ ሰው ከውጭ አገር ትራንክ የሚመጣን ጥሪ ወስዶ በእኛ የአገር ውስጥ መስመር የሚያስወጣ ራውት ቢጽፍ፣ ያ መስመር ማለፍ ነው። የሚወጣው በእኛ ቁጥር ነው። ኤስቢሲውን ሌላ ሰው እያስተዳደረው እኛ ሰንጠረዡን የምናይበት መንገድ ከሌለን፣ ፖሊስ ሲመጣ ምን ልንል ነው?

ሊኑክስ ወዳጅ
ሌቦቹም አሉ። 5060ን ለኢንተርኔት ክፍት አድርጋችሁ ሎጉን ተመልከቱ። ብዙ ሳይቆይ «ፍሬንድሊ ስካነር» የሚል ስም ያለው ነገር ፓስዎርድ ሲሞክር ታዩታላችሁ። ፓስዎርዱን ካገኘ ቅዳሜ ሌሊት ይጠብቃል። ሰው በሌለበት ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ይደውላል። ሰኞ ጠዋት ሂሳቡ ይመጣል። እኔ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ላይ ደርሷል። አቅራቢው «ጥሪው ከእናንተ ነው የወጣው» አለ፣ ከፈሉ።

መከላከያው ከባድ አይደለም። ከኦፕሬተሩ አድራሻ ውጭ ማንንም አለመቀበል። የውጭ አገር ጥሪ ለሚያስፈልገው ብቻ መክፈት። በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ጥሪ መገደብ።

የፋይናንስ ክፍል
ይህን አላውቅም ነበር። እንግዲያው ወርሃዊ ክፍያው ይታወቃል ያልኩት እንዲህ ያለውን ሂሳብ አያካትትም። ውሉ ላይ የጥሪ ወጪ ጣሪያ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

አወያይ
የቨርጂኒያውን ሐሳብ ግማሹን ተቀብያለሁ። ለማንኛውም ድርጅት ሳጥኑ የትም ይሁን። ቲኤልኤስ ይብራ፣ ሎጉ የእኛ ይሁን፣ ሰንጠረዡን ማየት እንችል፣ ውሉ ሲያልቅ ኮንፊገሬሽኑን ፋይል አድርገው ያስረክቡን። ለባንክና ለሆስፒታል ግን አቋሜ ያው ነው። ጥሪው የሚፈታበት ማሽን በራሳቸው ቁጥጥር ሥር፣ እዚሁ አገር ውስጥ መሆን አለበት። የትራንክ ሰው የፈራው የባለሙያ ጉዳይ እኮ በቅጥርና በሥልጠና የሚፈታ ነው። ባንኮቻችን አቅም አጡ ብሎ ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም።

የትራንክ ሰው
ባንኮቹ ላይ እሺ። የወረዳ ሆስፒታል ላይ ግን አልመጣሁም። አንድ የአይቲ ሠራተኛ ነው ያለው፣ እሱም ፕሪንተር ሲጠግን ይውላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መጀመሪያ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። እዚያ ኤስቢሲ ግዴታ ብትል ከካርቶኑ እንደወጣ ይቀመጣል፣ 5060 ክፍት ሆኖ። ለእነሱ ጤና ቢሮው በክልል ደረጃ አንድ የጋራ ኤስቢሲ ቢይዝላቸውስ?

ደህንነት ላይ የምሠራ
ያን እደግፋለሁ። ሎጉ ከሕዝብ ተቋም እጅ እስካልወጣ ድረስ።

ከጥሪ ማዕከል
እባካችሁ ጂ.711 የምትሉትንም መመሪያው ውስጥ አስገቡልን።