ችላ የተባለን ልጅ እንዴት እንለያለን? በጋራ ረቂቁ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የእድሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የአዘዞ ሁለቱ እድሮቻችን ለቀበሌው በሚያቀርቡት የጋራ ሐሳብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ያደፈ ልብስ የለበሰና የከሳ ልጅ ችላ የተባለ ልጅ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ስለሰፈረ፣ እስከ እሑድ አስተያየታችሁን እንድትሰጡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መምህርት፦ ዐረፍተ ነገሩ ቢወጣ እመርጣለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ያለችው የደንብ ልብስ አንዲት ብቻ በመሆኗ እናቱ ማታ አጥባ ከሰል ምድጃ አጠገብ ታሰጣታለች፤ ጠዋት ኮሌታዋ እንደረጠበ ለብሷት ይመጣል። ይህ ድህነት እንጂ ቸልታ አይደለም። በአንጻሩ ከገጠር «ዘመድ ናት» ተብላ የመጣች፣ ልብሷ ሁልጊዜ የጸዳ ልጅ አለች፤ ጆሮዋ ለሳምንታት መግል ሲያወጣ አሳዳጊዎቿ ሁለት ጊዜ ቢነገራቸውም አላሳከሟትም፤ የራሳቸው ልጅ ሲያስለው ግን በማግሥቱ የሐኪም ወረቀት ይዞ መጥቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ነገሩ ምን ያህል እንደሚደጋገምና አሳዳጊው ከተነገረው በኋላ ምን እንዳደረገ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ እስማማለሁ፤ ክሳት ግን ከረቂቁ አይውጣ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ምክንያቱ ማጣትም ሆነ ቸልታ፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ ማን አጠፋ የሚለው በኋላ ይጣራል።

የእድሩ ዳኛ፦ ልጆቼ፣ የጎረቤትን ጓዳ የምንሰልል እንዳንመስል እሰጋለሁ። ደግሞስ በጎንደር ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ ምን ልትሉት ነው? እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበርኩ።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ሲታመም የኔታ የሚጠይቁትን፣ ጓደኞቹም የሚያስታምሙትን ተማሪ ችላ ተብሏል አንልም፤ ታሞ ጎጆው ውስጥ ብቻውን ሲተኛ ግን የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ስለላ ስላሉት፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ የወላጆቹን ወይም የሕጋዊ አሳዳጊዎቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ጉዳዩ የጓዳ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የእድሩ ዳኛ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያነጋግር ሰው ይመደብ፤ ወሬውም እድሩ ድንኳን ውስጥ አይነሳ።

የእድሩ ጸሐፊ፦ ዐረፍተ ነገሩን «ፍላጎቱ ለአሳዳጊው ከተነገረም በኋላ፣ ማሟላት እየተቻለ በተደጋጋሚ ያልተሟላለት ልጅ» በሚል ተክቼዋለሁ። «እየተቻለ» የሚለውን ማን እንደሚወስን ግን አልጻፍንም፤ እሑድ ከዚያ እንጀምር።