የፎርድ ትራክተሬ 2ኤን ነው 9ኤን? ካሚቻ ዛሬ ማዘዝ አለብኝ፣ ድረሱልኝ

አዲስ ገበሬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ። ትናንት ማታ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አወረድኩት። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት የውስጥ ቱቦ) ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ ዘይቱም ውሃ ገብቶበት ወተት መስሏል። ዕቃ መሸጫው ስደውል «ቀጭኑን ነው ወፍራሙን? ትራክተሩ 9ኤን ነው 2ኤን?» አሉኝ። እኔ የገዛሁት የጦርነት ጊዜ 2ኤን ነው ተብዬ ነው፣ ብሎኩ (የሞተሩ አካል) ላይ ያለው ቁጥር ግን በ9ኤን ነው የሚጀምረው። ሰውዬው ሸውዶኛል መሰለኝ። ዛሬ ሱቁ ሳይዘጋ ካላዘዝኩ ለቅዳሜ አይደርስም፣ በቆሎው ደግሞ አይጠብቀኝም። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ፎቶውን አያይዣለሁ።

የጋራዥ ልጅ፦
ቁጥሩን ሙሉውን ጻፈው እንጂ ወንድሜ!

አዲስ ገበሬ፦
140 ሺህ ምናምን ነው። መጨረሻው ዝጎ አይነበብም።

ጋሽ ፎርድ፦
ልጄ፣ ተረጋጋ፣ አልተሸወድክም። ታሪኩን ካላወቅህ ቁጥሩ ያሳስትሃል። ሄንሪ ፎርድና ሃሪ ፈርጉሰን በ1938 በእጅ ጨብጠው ተስማሙ፣ 9ኤን በ1939 ወጣ። ፈርጉሰን ያመጣው በሃይድሮሊክ የሚነሳው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ነው፣ ዛሬ የምታየው ትራክተር አብዛኛው የሚጠቀምበት እሱኑ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጎማና መዳብ ጠፋ። በ1942 2ኤን ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ የብረት መንኮራኩር ያላቸው፣ ባትሪም ሞተሪኖም (ሞተር ማስነሻ) የሌላቸው፣ በእጅ በሚዞር ማኔቬላ የሚነሱ ነበሩ። ግን ብሎኩ ላይ የሚመታውን ፊደል አልቀየሩም፣ 2ኤን ሁሉ ቁጥሩ በ9ኤን ነው የሚጀምረው። መለያው መጠኑ ነው፦ ከ99 ሺህ አካባቢ በላይ ከሆነ 2ኤን ነው። የአንተ 140 ሺህ የ1944 ነው።

ባለ በሬው፦
በሬ ብትገዛ ይሄን ሁሉ አትጠየቅም ነበር 😀 ጥርሱን አይተህ ትጨርሳለህ።

አበበ ዘ ሜሪላንድ፦
ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ አልስማማም። የጦርነት ጊዜ ከሆነ የብረት መንኮራኩር የታለ? ፎቶው ላይ ጎማ አለው፣ ሞተሪኖም አለው። እኔ 9ኤን ነው እላለሁ።

ጋሽ ፎርድ፦
አበበ፣ የጎማና የመዳብ እገዳው ሲላላ ጦርነቱ ሳያልቅ ጎማውም ባትሪውም ተመለሰ። በብረት የወጡትንም ቢሆን ገበሬው ራሱ ቆይቶ ጎማ አልብሷቸዋል። 80 ዓመት የሠራ ዕቃ ላይ ተፈትቶ የሚቀየር ነገር ማስረጃ አይሆንም። ይልቅ ከፊት አክስሉ ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለት ዘንጎች እይ። የቀደሙት ጎድጎድ ያሉ፣ እንደ አይ ፊደል የተቀረጹ ናቸው፣ በኋላ የመጡት ሞላላ ቱቦ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ይቀየራሉ።

የለንደኗ፦
እኛ ጋ ደግሞ ፎርድሰን የሚባል የፎርድ ትራክተር አለ። ብርቱካናማ ነበር፣ በ1940 አረንጓዴ ሆነ፣ ከአየር እንዳይታይ ነው ይላሉ። በቀለም ብቻ ግን እንዳትተማመኑ፣ ስንቱ እንደገና ተቀብቷል።

የጋራዥ ልጅ፦
ቁጥሩን ተመልከት፣ ከ99 ሺህ በላይ ከሆነ 2ኤን ነው።

ባለ በሬው፦
ጋሼ ብለውታል እኮ።

ካሊፐር፦
ወንድሜ፣ 9ኤን ሆነ 2ኤን ለካሚቻው ለውጥ የለውም፣ ሱቁም ቢሆን በሞዴል ስም ብቻ እንዳይልክልህ። ሁለት ዓይነት ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ የአረብ ብረት ናቸው፣ የግድግዳቸው ውፍረት 0.040 ኢንች፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። በኋላ የመጡት በቅርጽ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ናቸው፣ 0.090 ኢንች፣ ወደ 2.3 ሚሊ ሜትር። ቴስታታው ወርዷል ብለሃል አይደል? የሲሊንደሩን ከንፈር በጨርቅ ጠርገህ በመብራት እየው። ካሚቻው ከብሎኩ የሚለይበት ክብ መስመር ይታያል። ከዚያ መስመር እስከ ውስጥ ያለውን ለካ። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ በዓይንም ይለያል። አራቱንም ለካ፣ አንዱ በሌላ ጊዜ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ብሎኩ ራሱ ከሌላ ትራክተር የመጣ ከሆነም ቁጥሩ የሚነግርህ የብሎኩን ዕድሜ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የዚህ ሞተር ካሚቻ ደረቅ ነው፣ ውሃ አይነካውም፣ ውሃው የሚዞረው ከብሎኩ ግድግዳ ወዲያ ነው። ስለዚህ ካሚቻ ስለተሰነጠቀ ብቻ ዘይትህ ወተት አይሆንም። ወይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሏል፣ ወይ ከካሚቻው ጀርባ ብሎኩም ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀውን አውጣና ቀዳዳውን በደንብ እይ፣ አዲስ የምታዝዘው ከዚያ በኋላ ነው። ብሎኩ ተሰንጥቆ ከሆነ ካሚቻ ገዝተህ ገንዘብህን ታቃጥላለህ፣ እኔ እንደዚያ ሆኜ አውቃለሁ።

አበበ ዘ ሜሪላንድ፦
እሺ፣ ስለ ጎማው ተቀብያለሁ። ግን 8ኤን እንዳይሆንስ?

ጋሽ ፎርድ፦
8ኤን በ1947 ነው የመጣው፣ ባለ 4 ማርሽ፣ ሁለቱም ፍሬኖች በቀኝ በኩል። የእሱ ማርሽ 3 ከሆነ፣ ፍሬኑም አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ከሆነ፣ አለቀ።

አዲስ ገበሬ፦
ማርሹ 3 ነው፣ ፍሬኑም ግራና ቀኝ። ካሊፐር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ብሎኩ ያልከው አስደነገጠኝ። ከጎረቤት መለኪያ ተውሼ መጣሁ።

የጋራዥ ልጅ፦
ስትገጥመው ባትሪውን እንዳትገለብጠው ወንድሜ። ሳይቀየር የቆየ ከሆነ 6 ቮልት ነው፣ ከትራክተሩ ሰውነት ጋር የሚታሰረውም ፖዘቲቩ ነው፣ እንደ መኪናህ ኔጌቲቩ አይደለም።

የለንደኗ፦
አዲስ ገበሬ፣ ምን ሆነ? ብሎኩ ተረፈ?

ባለ በሬው፦
ሦስት ቀን ሆነው። በቆሎ እየዘራ ይሆናል።