ጁሊ አንድሪውስ መዝፈን ካቃታት በኋላ እንዴት እስካሁን በድምጿ ትሠራለች?

ቤዛ_ከአያት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከታላቅ እህቴ ጋር ብሪጅርተን የሚባለውን ተከታታይ ድራማ እያየን ነበር፣ እና ያቺ መልኳ የማይታየው፣ ታሪኩን የምትተርከው ሴትዮ ድምፅ የት ነው የማውቀው እያልኩ ስጨነቅ እህቴ "ይቺ እኮ የሳውንድ ኦፍ ሚዩዚኳ ማሪያ ናት" አለችኝ። አላመንኩም፣ ገብቼ ሳይ እውነትም ጁሊ አንድሪውስ! እኛ ቤት የዚህ ፊልም ካሴት ነበር፣ ከማየት ብዛት ምስሉ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አይተነዋል፣ እንግሊዝኛ ሳልችል ዘፈኖቹን በቃሌ የያዝኩት ከሷ ነው። ከዛ ስለሷ ሳነብ በ1997 ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ተደርጋ የዘፈን ድምጿ እንደጠፋ አየሁ፣ እንባዬ ነው የመጣው። ግን ጥያቄ ሆነብኝ፣ ዘፋኝ ድምጿን ካጣች በኋላ እንዴት ነው በድምፅ ሥራ የምትቀጠረው? ሙሉ ታሪኳን የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የድሮ_ሲኒማ_ወዳጅ፦
ቤዛ ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግርሽ። ጁሊ በ1935 እንግሊዝ አገር ሰሪ ውስጥ ዋልተን የምትባል ከተማ ተወለደች፣ እናቷ ፒያኖ ትጫወታለች፣ የእንጀራ አባቷ ቴድ አንድሪውስ ዘፋኝ ነበር፣ አንድሪውስ የሚለውም ስም ከሱ የመጣ ነው። ልጅ ሆና ድምጿ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው አራት ኦክታቭ ድረስ ይሄዳል ይባል ነበር፣ ሊሊያን ስታይልስ አለን የምትባል የኦፔራ ዘፋኝ ጋር ወሰዷትና ለዓመታት አስተማረቻት። በ12 ዓመቷ ለንደን ሂፖድሮም መድረክ ላይ ትልልቅ ሴቶች የሚፈሩትን የኦፔራ ዘፈን ዘፍና ሰዉን አስደነቀች፣ በዓመቱ ደግሞ ንጉሡ ፊት። እና ልብ በይ፣ ይሄ ሁሉ ከጦርነቱ ማግስት ነው፣ እንግሊዝ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ፣ እሷ ከእናቷና ከእንጀራ አባቷ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች ትሠራለች።

ከዛ በ1954 አንድ የዘፈን ቲያትር ልትሠራ የትልልቅ ቲያትሮች ሰፈር ወደሆነው ኒውዮርክ ብሮድዌይ ሄደች፣ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ነው መድረኩ የተከፈተው። በ1956 ማይ ፌር ሌዲ የሚባለው የዘፈን ቲያትር መጣ። አበባ ሻጯን ኢላይዛን ሆና ልምምድ ላይ በጣም አቃታት፣ ከሷ ጋር የሚሠራው ሬክስ ሃሪሰን ደስተኛ አልነበረም፣ ዳይሬክተሩ ሞስ ሃርት ግን ሌላውን ሰው ሁሉ አሰናብቶ ቅዳሜና እሁድን ከሷ ጋር ብቻ ተቀምጦ እያንዳንዷን ቃል አስጠናት። እኔ የሷ ሕይወት የተለወጠው እዛ ላይ ነው የምለው። ከዛ በኋላ ኒውዮርክና ለንደን ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ተጫወተችው፣ በሳምንት 8 ጊዜ።

ድምፅ_አሰልጣኝ፦
ስለ ጉሮሮው እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ መዘምራንን ማሰልጠን ነው። የድምፅ አውታሮች ሁለት ስስ እጥፋቶች ናቸው፣ አየር ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ። ሶፕራኖ፣ ማለትም በቀጭን ከፍተኛ ድምፅ የምትዘፍን ሴት፣ ላይኛው ዶ ላይ ስትደርስ በአንድ ሰከንድ ከ1000 ጊዜ በላይ ነው የሚርገበገቡት፣ ስለዚህ ላያቸው በጣም ለስላሳ መሆን አለበት። ቢላ ነክቷቸው ጠባሳ ከቀረ ይደርቃሉ፣ በደንብ አይገጥሙም፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ላይኛው ድምፅና ረጅሙን ኖታ የመያዝ አቅም ነው። ለንግግር ግን ያን ያህል ከፍታ አያስፈልግም፣ ለዛ ነው ስታወራ የምትሰሚያት። ጁሊ ያኔ ብሮድዌይ ላይ ቪክተር ቪክቶሪያ የሚባለውን ቲያትር ስትሠራ ነው ድምጿ የሻከረው፣ ካንሰር ያልሆነ ነገር ለማስወጣት ብላ ገባች፣ የዘፈን ድምጿ ግን እንደቀድሞው አልተመለሰም። በ1999 ከሰሰች፣ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት ተዘጋ።

ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው ቤዛ። ያቺ አስተማሪዋ ስታይልስ አለን ከሁሉ በላይ የምትጨነቀው ለቃል አወጣጥ ነበር። የጁሊን የድሮ ዘፈን ስትሰሚ አንድ ፊደል አይዋጥባትም፣ አንቺም እንግሊዝኛ ሳትችዪ ዘፈኖቹን በቃልሽ የያዝሽው ለዚህ ይመስለኛል። ያ ሥልጠና ደግሞ ኦፕራሲዮን አይነካውም። ብሪጅርተን ላይ የምትሰሚው እሱን ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ድምፄ ሻክሮ ለሁለት ወር ዝም በል ተብዬ ስለነበር ያን ፍርሀት አውቀዋለሁ፣ ሌሊት ተነስቼ ትራሴ ውስጥ ቀስ ብዬ አለ ወይ ብዬ እሞክር ነበር። እሷ ስትሞክረው አለመኖሩን ሳስብ ያመኛል።

ሚሚ_ዘፊልም፦
በሁሉም እስማማለሁ ግን መንገዷን አልጋ በአልጋ አታስመስሉት። በ1964 ሜሪ ፖፒንስ፣ በ1965 ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ የሚባሉት ፊልሞቿ ወጡ፣ ለሜሪ ፖፒንስ ኦስካሯን ስትቀበል ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ ከወጣ ገና አንድ ወሩ ነበር። ከዛ ሰዉ ከዚያ ሌላ ሊያያት አልፈለገም፣ ሞግዚትና ንጹሕ ልጅ ብቻ። በ1968 የሠራችው ስታር የሚባለው ከሰረ፣ በ1970 ባሏ ብሌክ ኤድዋርድስ ያዘጋጀውም ከሰረ፣ ጊዜው ራሱ ትልልቅ የዘፈን ፊልሞችን ጠልቶ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የራሷ ፕሮግራም ነበራት፣ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዶም ከአንድ ሲዝን አላለፈም። እንደገና የተነሳችው በ1982 ቪክተር ቪክቶሪያ ፊልሙ ላይ ነው፣ ወንድ መስላ የምትዘፍን ሴት ሆና፣ ለኦስካርም ታጨችበት። ከሁሉ የምወድላት ግን በ1996 ያደረገችውን ነው፣ ያው ታሪክ ብሮድዌይ ላይ ሲሠራ ቶኒ ለሚባለው የቲያትር ሽልማት የታጨችው እሷ ብቻ ስትሆን፣ ባልደረቦቼ ተረስተው እኔ አልቀበልም ብላ መድረክ ላይ ተናግራ ተወችው። ቶኒ አግኝታ አታውቅም እኮ!

ቤዛ_ከአያት፦
እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴን ቁጭ አድርጌ እያነበብኩላት ነው። ግን ጋሼ አንድ ነገር አልገባኝም፣ ማይ ፌር ሌዲን መድረክ ላይ ለዓመታት ከሠራችው ፊልሙ ላይ ለምን ኦድሪ ሄፕበርን ሆነች?

የድሮ_ሲኒማ_ወዳጅ፦
ልጄ፣ የስቱዲዮው ባለቤት ጃክ ዋርነር ገንዘቡን ስለፈራ ነው፣ ጁሊ ያኔ አንድም ፊልም አልሠራችም፣ ሄፕበርን ደግሞ ስሟ ብቻ ሰው ያመጣል። የሚያናድደው ሄፕበርን ዘፈኖቹን ተለማምዳ ቀድታ አብዛኛውን ማርኒ ኒክሰን በምትባል ዘፋኝ ድምፅ ተኩባት፣ እሷም ተጎድታለች፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ጁሊን ደግሞ ዋልት ዲዝኒ ካሜሎት የሚባለው ቲያትር ላይ አይቷት ሜሪ ፖፒንስን ሥሪ አላት፣ እርጉዝ ነኝ ስትለው እንጠብቅሻለን ብሎ ጠበቃት። ሁለቱም ፊልሞች በ1964 ወጡ፣ ኦስካሩን ጁሊ ወሰደች፣ ሄፕበርን አልታጨችም። ማርኒ ኒክሰን ራሷ ደግሞ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ ላይ ከመነኩሲቶቹ አንዷ ናት፣ ካሴታችሁ ካለ ተመልከቱ።

ድምፅ_አሰልጣኝ፦
ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ዝም አላለችም። በ2001 ፕሪንሰስ ዳይሪስ የሚባለው ፊልም ላይ ንግሥት ሆነች፣ በ2004 ሁለተኛው ላይ ለሷ ተብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ የተጻፈ አጭር ዘፈን ነበራት፣ ግማሹ ንግግር ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ስሰማው ደረቴ ይሞላል። ከልጇ ከኤማ ጋር የልጆች መጻሕፍት መጻፍ ቀጠለች፣ መዝፈን ናፈቀኝ ብላ ስታዝን ኤማ ድምፅሽን የምትጠቀሚበት ሌላ መንገድ አገኘሽ እንጂ አልጠፋም እንዳለቻት ራሷ ተናግራለች። በ2003 ደግሞ ያንን በ1954 ብሮድዌይ የገባችበትን ቲያትር በዳይሬክተርነት አዘጋጀችው።

ቤዛ፣ ከፈለግሽ በ1956 የተቀዳውን የመድረኩን የማይ ፌር ሌዲ አልበም ፈልጊ፣ ዩቱብ ላይ አለ። 20 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የሰፈር አነጋገር ታወራለች፣ ያንን እንኳን ተምራው ነው፣ ከዛ ቀስ በቀስ ቃሉ እየጠራ ሲሄድ ትሰሚያለሽ። ጆሮ ላይ በሚደረግ ማዳመጫ ስሚው፣ ስልክ ስፒከር ላይ አይሆንም።

ቤዛ_ከአያት፦
አገኘሁት። እህቴ አንዱን ማዳመጫ ይዛ ሄዳለች፣ በአንድ ጆሮ እየሰማሁ ነው።