ከፈረሶች ጋር የዕረፍት ጠዋት፦ የአስታማሚዎች ማኅበር የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሳውን ሐሳብ ረቂቅ ላደርገው ነው። ሁላችንም ቤታችን ውስጥ ሰው እናስታምማለን። ማረፍ ከረሳን ቆየን፤ ለአፍታ ቁጭ ስንል እንኳ ያጠፋን ይመስለናል። ስለዚህ «ለራስ መራራት» በሚል ሐሳብ እንጦጦ ላይ ከፈረሶች ጋር ግማሽ ቀን እናሳልፍ ተብሏል። ጥቅምት ላይ ቢሆን ጭቃው ደርቆ ሣሩም አለ። በወሩ 21 ግን አይሁን፤ መንገዱ በእንጦጦ ማርያም ተሳላሚ ይሞላል። ያላችሁን ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ለሁሉም ሰው ግልቢያ ከከፈልን ካዝናው አይችለውም። ተራ በተራ እንጋልብ?

አባል (የእንስሳት ሐኪም)፦
ግልቢያው ራሱ ቢቀር እላለሁ። እሁድ ሙሉውን ሰው ሲያመላልስ የዋለ ፈረስ ኮርቻው ሲወርድለት ጀርባውን እዩት። እኛ ልናርፍ ሄደን እሱን የምናደክምበት ምክንያት የለም። በሥራ ቀን እንሂድ፤ ለባለፈረሱ የዕለት ገቢውን እንክፈለው፤ ፈረሱ ያለ ኮርቻና ያለ ልጓም ሣር ላይ ይዋል። እኛም አብረነው እንዋል።

ያረፈ ፈረስ ደግሞ ሲያዩት ያስታውቃል። አንድ የኋላ እግሩን ዘና አድርጎ በሰኮናው ጫፍ ብቻ መሬት ያስነካል። የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ ጆሮዎቹ ወደ ጎን ይላላሉ። ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው። በተጣደፈ እጅ ከነካችሁት ግን ወዲያው ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። ስለዚህ እሱን ለመቅረብ መጀመሪያ ራሳችን መረጋጋት አለብን። ቀስ ብላችሁ ከአንገቱ ሥር፣ ጋማው ከሚያልቅበት አካባቢ እከኩለት። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት እዚያ ቦታ ሲታከኩ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል።

አባል (እናቷን የምታስታምም)፦
አንብቤ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። እናቴ ስትሮክ ከመታት በኋላ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ። እንጦጦ ደርሼ እስክመለስ ማን ያገላብጣታል? ይህ ካልተመለሰ ዕቅዱ ለእኔ ቢጤ አይሆንም።

ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ረቂቁ ከፈረሱ ሳይሆን ከዚህ መጀመር ነበረበት። አባላት ጥንድ ጥንድ ይሁኑ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ቤቱን ይይዝለታል፤ በሚቀጥለው ዙር ይቀያየራሉ። የሚተካው ሰው ከቀኑ አስቀድሞ አንድ ጊዜ መጥቶ አገላበጡን፣ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ ምግቡን ይይ። በደፈናው «ጎረቤት ይጠብቃል» ብለን አንጽፍም።

አባል (የእንስሳት ሐኪም)፦
ፈረሶችም እንዲሁ ናቸው። በቀን የሚተኙት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ እሱንም ቆራርጠው። ቆመው ያንቀላፋሉ፤ ጥልቁን እንቅልፍ ለመተኛት ግን መሬት ላይ መጋደም አለባቸው። የሚጋደሙት ደህንነት ሲሰማቸው ነው፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ተጋድሞ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። የጥንዱን ሐሳብ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው።

አንጋፋ አባል፦
ልጆቼ፣ በእኛ ዘመን ፈረስ የሚነሳው ከጀግንነት ጋር ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ፈረስ አጠገብ ዝም ብሎ መቆም ለእኔ አዲስ ነገር ነው። አልቃወምም። ግን «ለራስ መራራት» የሚለው ቃል ረቂቁ ውስጥ ሲገባ፣ ታማሚ ቤት ትቶ መዝናናት እንዳይመስል እፈራለሁ።

ጸሐፊ፦
አባባ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ እኔ ግን ቃሉ ይግባ ባይ ነኝ። ክሪስቲን ኔፍ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ለራስ መራራትን በሦስት ነገር አስረድታዋለች፦ ለራስ ደግ መሆን፣ መከራው የእኔ ብቻ አይደለም ማለት፣ የሚሰማንን ሳናጋንንም ሳንደብቅም ማየት። የደከመች ጓደኛችን ብትመጣ «ትንሽ አረፍ በይ» እንላታለን። ለራሳችን ሲሆን ግን ስድብ ነው የሚቀናን። አንዷ አባላችን ባሏ ምግብ ባነቀው ቀን ራሷን ስትረግም ሰምቼ ልቤ ተሰብሯል። ይህ ዕቅድ ለእሷ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

አንጋፋ አባል፦
እንዲህ ከሆነ ይጻፍ። እኔም እመጣለሁ፤ ጋቢዬን ይዤ።

ገንዘብ ያዥ፦
የፈረሱን ቀን መክፈል ከግልቢያው ይቀላል። አሥራ ሁለት ሰው አራት ፈረስ ይበቃዋል፣ ሦስት ሦስት ሆነን። የሚተካው ሰው ትራንስፖርትም በጀት ውስጥ ይግባ።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተስማማንበትን አስገብቻለሁ፦

«ማኅበሩ በጥቅምት ወር በአንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ ለአሥራ ሁለት አስታማሚዎች እንጦጦ ላይ ለራስ የመራራት የዕረፍት ጠዋት ያዘጋጃል። ግልቢያ የለም። አራት ፈረሶች የዕለት ገቢያቸው ለባለቤቶቻቸው ተከፍሎ ያርፋሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጫ ነው፤ ፈረሱ ካልመጣ አይጠራም። ከዚያ የፈለገ ያክካል፣ የፈለገ ሣር ላይ ይጋደማል። የተሰማውን እንዲናገር ማንም አይገደድም። የእያንዳንዱ ተሳታፊ ቤት ቀድሞ በለመደ ተተኪ ይያዛል፤ ተተኪ ያልተገኘለት ሰው ስም ወደ ሁለተኛው ዙር ይተላለፋል እንጂ አይሰረዝም።»

አባል (የእንስሳት ሐኪም)፦
ሁለት ነገር ጨምሪበት። ከፈረሱ በስተኋላ ማንም አይቁም፤ እዚያ አያይም፣ ደንግጦ ሊራገጥ ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደ ደግሞ ቀድሞ ይውሰድ፤ ጀርሙ ፈረስ በሚውልበት አፈርና ፋንድያ ውስጥ ይገኛል።

አባል (እናቷን የምታስታምም)፦
እኔን ሁለተኛው ዙር ላይ ጻፉኝ። መጀመሪያ ለሌላ ሰው ልተካ። እናቴን ለሰው መተው መልመድ አለብኝ፣ የሰው ቤት ስይዝ የሚቀለኝ ይመስለኛል።

ጸሐፊ፦
ተጽፏል። ባለፈረሶቹን የሚያነጋግሩ ሁለት ሰዎች እስከ ሐሙስ ስማቸውን ይስጡኝ፤ አንዱ የእንስሳት ሐኪማችን ቢሆን ደስ ይለኛል። የጥንዶቹን ዝርዝር ሰብሳቢው ይይዛል።