በኮሞዶር 64 ላይ የሚዋጡብኝ ኖታዎች
በድሮው የቤት ኮምፒውተር በኮሞዶር 64 ላይ፣ ራሴ በአሴምብሊ (ለማሽኑ ቅርብ በሆነው የፕሮግራም ቋንቋ) በጻፍኩት ማጫወቻ፣ ሙዚቃ እየሠራሁ ነው። ማሽኑ የአውሮፓው የፓል ሞዴል ሲሆን የድምፅ ቺፑ 6581 ነው፤ ማጫወቻው በሰከንድ 50 ጊዜ ይጠራል።

ችግሩ ያለው ከቺፑ ሦስት ድምፆች ዜማውን በያዘው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ፈጣን ኖታዎች ሲከታተሉ አንዳንዱ ጨርሶ ሳይሰማ ያልፋል፤ አንዳንዱም ጅማሬው ተቆርጦ ጭራው ብቻ ይሰማል። ቤዙና ከበሮው ግን ጥርት ያሉ ናቸው፤ እንዲያውም የዚህ ቺፕ ቤዝ ከጠበቅሁት በላይ አምሮልኛል።

መንስኤው የታወቀው የኤንቨሎፕ (የኖታው ድምፅ ጉላት የሚነሣበትና የሚወርድበት ሂደት) መዘግየት ይመስለኛል። የቺፑ ውስጣዊ ቆጣሪ ከሚፈለገው ቁጥር አልፎ ከተገኘ ወደ 32768 የሰዓት ዑደት የሚፈጀውን ዙር ጨርሶ መመለስ ስላለበት፣ አንድ ፍሬም (ከአንዱ የማጫወቻው ጥሪ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ) ደግሞ 19656 ዑደት ብቻ ስለሆነ፣ ከአዲሱ ኖታ ሁለት ፍሬም ቀድሜ ጌቱን (ኖታውን የሚያስነሣውንና የሚለቀውን ቢት) እዘጋለሁ፤ የኤንቨሎፑን አራት ክፍሎች፣ አታክ፣ ዲኬይ፣ ሰስቴንና ሪሊዝንም ዜሮ አደርጋለሁ። ይህን ካደረግሁ ወዲህ የሚዋጡት ኖታዎች ቢቀንሱም አልጠፉም።

አሁን አዲሱ ኖታ ሲጀምር በማስታወሻ አድራሻ 54276 ጌቱን ከከፈትኩ በኋላ ነው 54277ን (አታክና ዲኬይ) እና 54278ን (ሰስቴንና ሪሊዝ) የምሞላው። ኖታው ሁልጊዜ በሰዓቱ እንዲነሣ፣ እነዚህን ሦስቱን በየትኛው ቅደም ተከተል ልጻፋቸው?